አሥራት፣ ምጽዋትና ሀብት፦ ክርስትና ስለ መስጠት ምን ያስተምራል?

ደመወዝ በወጣ ሰሞን በብዙ ክርስቲያን ቤት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ከገቢው አንድ አሥረኛ የግድ ለቤተ ክርስቲያን መውጣት አለበት? መውጣት ካለበት የሚሰላው ግብር ሳይቆረጥ ነው ወይስ ከተቆረጠ በኋላ? አገር ቤት ላሉ እናትና አባት የሚላከው ገንዘብስ ከዚያ ይቆጠራል? በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥያቄው ከቤት ወጥቶ አደባባይ ውሏል። የስብከት ቪዲዮዎች ከሥራቸው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎባቸው በየስልኩ ይዘዋወራሉ፤ አንዱ ሰባኪ አሥራት ያላወጣ ሰው የእግዚአብሔርን ገንዘብ ሰርቋል ሲል፣ ሌላው አሥራት ከብሉይ ኪዳን ሕግ ጋር አብሮ አልፏል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ የሰጠ ሰው ነገ እጥፍ ድርብ ሆኖ እንደሚመለስለት ቃል ይገባል። ሦስቱም መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳሉ፤ ስለዚህ ሰሚው ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

ነገሩን ለማጥራት አስቀድሞ ጥቂት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። አሥራት ከገቢ ወይም ከምርት የሚወጣ አንድ አሥረኛ ነው። በኩራት ከእህሉም ከከብቱም መጀመሪያ የተገኘው ነው። መባ በአምልኮ ጊዜ የሚቀርብ፣ መጠኑ ያልተወሰነ ስጦታ ሲሆን፣ ስእለት ደግሞ ሰው በችግር ወይም በልመና ጊዜ ራሱ ተስሎ የሚፈጽመው ቃል ነው። ምጽዋት ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ ርዳታ ነው። እነዚህ በአነጋገር ብዙ ጊዜ ቢደባለቁም የተለያየ ታሪክ፣ የተለያየ ተቀባይና የተለያየ ደንብ አላቸው፤ ከሚታየው ክርክር አብዛኛውም የሚመነጨው የአንዱን ደንብ ለሌላው ከመስጠት ነው።

ሀብት በራሱ ኃጢአት ነው?

መጽሐፍ ቅዱስ ባለጠጋ መሆንን በደፈናው አይኮንንም። አብርሃም ብዙ ከብት፣ ብርና ወርቅ ነበረው፤ ኢዮብ ከመከራው በፊትም በኋላም ባለጸጋ ነበር፤ የጌታን ሥጋ ከጲላጦስ ለምኖ በራሱ መቃብር የቀበረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጠጋ መሆኑን ማቴዎስ ይነግረናል። በሌላ በኩል ኢየሱስ ስለ ሀብት ሲናገር ቃሉ ጠንከር ያለ ነው። ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል ብሏል፤ ለአንድ ወጣት ባለጠጋ ያለህን ሁሉ ሸጠህ ለድሆች ስጥ ብሎታል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ባለጠጎችን ሀብታችሁን ጣሉ ሳይላቸው እንዳይታበዩ፣ በሚያልፈው ሀብት ተስፋ እንዳያደርጉና ለመስጠት የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያዝዛቸዋል።

ታዲያ ባለጠጋው የሚፈረድበት በምንድን ነው? ለዚህ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው የባለጠጋው የነዌና የድሃው የአልዓዛር ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ነዌ ሰረቀ፣ ሰው ገፋ፣ ጉቦ በላ የሚል አንድም ቃል በታሪኩ የለም። ቀይ ሐርና ቀጭን የተልባ እግር ይለብሳል፣ ዕለት ዕለት በደስታ ይመገባል፤ አልዓዛር ደግሞ በቁስል ተወርሶ ከደጁ ተኝቷል። በደሉ ደጁ ላይ የተኛውን ሰው አለማየቱ ነው። በአንጻሩ የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ሲናገር፣ ኢየሱስ ቀሪውን እኩሌታ አልጠየቀውም፤ መዳን ዛሬ ወደዚህ ቤት መጣ አለ እንጂ።

የጥንት ክርስቲያኖች ይህን ትምህርት በሁለት መንገድ ኖረውታል። በግብፅ ገና በወጣትነቱ ወላጆቹን ያጣው እንጦንስ ለወጣቱ ባለጠጋ የተነገረው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰማና ቃሉ ለእርሱ የተነገረ መስሎ ስለ ተሰማው፣ 300 አሩራ (አሩራ የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) የሚሆነውን ለም የርስት መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጥቶ፣ ሌላውንም ንብረቱን ሸጦ ለድሆች አድሎ መነነ፤ የመነኮሳት አባት የሚባለውም እርሱ ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ቀሌምንጦስ ግን ያንኑ የወንጌል ክፍል ሲተረጉም፣ ማንም ምንም ባይኖረው የተራበውን ማን ያበላል፣ የታረዘውንስ ማን ያለብሳል ብሎ ጠይቋል። ለእርሱ መጣል ያለበት ለሀብት የሚሰጠው ፍቅር ሲሆን ሀብቱ ራሱ በመልካም እጅ የመልካም ሥራ መሣሪያ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም መንገዶች ተቀብላ እስከ ዛሬ ይዛቸዋለች፤ ገዳማዊው ሁሉን ይተዋል፣ በዓለም የሚኖረው ያካፍላል።

በአራተኛው መቶ ዘመን ቃሉ ይበልጥ ጠነከረ። በቀጰዶቅያ እ.ኤ.አ. በ368 ዓ.ም. ገደማ ጽኑ ረሃብ ሲገባ፣ በኋላ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ባስልዮስ እህል ከዝነው የዋጋ ንረት ይጠብቁ ለነበሩ ባለጠጎች፣ በቤታችሁ ያከማቻችሁት እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው፣ በሣጥናችሁ የቆለፋችሁበት ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው ብሎ ሰበከ። ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ አልዓዛር ባደረጋቸው ስብከቶች ሀብትን ለድሆች አለማካፈል ከስርቆት እንደሚቆጠር አስተምሯል። የእነዚህ አባቶች ሐሳብ መነሻ ቀላል ነው፦ ምድርና በውስጧ ያለው ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ባለ ሀብቱ አደራ ጠባቂ እንጂ የመጨረሻ ባለቤት አይደለም፤ አደራ ደግሞ ለታለመለት ሰው መድረስ አለበት።

አሥራት ሲጀመር ምን ነበር?

አሥራት በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የሚገኘው ከሙሴ ሕግ በፊት ነው። አብርሃም ከጦርነት ሲመለስ ከምርኮው አሥራት አውጥቶ ለመልከ ጼዴቅ ሰጠ፤ ያዕቆብም በቤቴል ተስሎ ከምትሰጠኝ ሁሉ አሥራት እሰጥሃለሁ አለ። በሁለቱም ቦታ ሰዎቹ በፈቃዳቸው አደረጉት፤ በየዓመቱ ይደገም የሚል ትእዛዝ ግን የለም። ደንብ ሆኖ የተጻፈው በሙሴ ሕግ ነው፤ ያንን ሕግ በዝርዝር ያነበበ ሰው ደግሞ ዛሬ በተለምዶ ከሚነገረው ጋር ያለው ልዩነት ሊያስገርመው ይችላል።

አንደኛ፣ አሥራቱ የሚወጣው ከእህል፣ ከፍራፍሬና ከከብት ነበር። ገንዘብ በዚያ ዘመን ይሠራበት ነበር፤ ሕጉ ግን የሚናገረው ስለ ምድሪቱ ፍሬና ከእረኛው በትር በታች ስለሚያልፈው መንጋ ነው። ሁለተኛ፣ ተቀባዮቹ ሌዋውያን በርስት ክፍፍሉ መሬት ያልደረሳቸው ነገድ ነበሩ። ዘኍልቍ ምዕራፍ 18 ይህን በቀጥታ ያያይዘዋል፦ ርስት ስለሌላቸውና በመገናኛው ድንኳን ስለሚያገለግሉ አሥራቱ ርስታቸው ይሁን ይላል። እነርሱም ከተቀበሉት ላይ በተራቸው አንድ አሥረኛ አውጥተው ለካህናቱ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ አሥራት የሚያወጣው መሬት ያለው ሰው፣ የሚቀበለው መሬት የሌለው ሰው ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ በላይ የተዘነጋው ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ገበሬው አሥራቱን ይዞ እግዚአብሔር ወደ መረጠው ቦታ እንዲሄድና እዚያ ከቤተ ሰቡና ከሌዋዊው ጋር እንዲበላው ታዝዟል። መንገዱ ሩቅ ከሆነበት እህሉን ሸጦ ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ እዚያም በሬ ይሁን በግ፣ የወይን ጠጅ ይሁን ሌላ መጠጥ፣ ነፍሱ የወደደውን ገዝቶ በእግዚአብሔር ፊት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደስም ይለዋል። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ አሥራቱ ከከተማው አይወጣም፤ እዚያው ተከማችቶ ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለወላጅ አልባውና ለመበለቲቱ ይከፋፈላል፤ በልተውም እንዲጠግቡ ሕጉ በግልጽ ይናገራል። አይሁድ መምህራን እነዚህን ክፍሎች አንድ ላይ ሲያነቧቸው የሌዋውያን፣ የበዓልና የድሆች የሚባሉ ሦስት አሥራቶች መኖራቸውን ተረድተዋል፤ በየሦስተኛው ዓመት የድሆቹ በበዓሉ ፋንታ ይወጣል፤ መሬት በሚያርፍበት በሰባተኛው ዓመት አሥራት የለም። በዚህ አቈጣጠር የአንድ ገበሬ የዓመት ድርሻ ከአንድ አሥረኛ ይበልጥ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋ ነበር። በዚያ ላይ የእርሻውን ዳርቻ ሳያጭድ ለድሆች መተው፣ ቃርሚያውን አለመልቀም፣ ለተቸገረ ወንድም ያለ ወለድ ማበደርና በሰባተኛው ዓመት ዕዳ መተው ሌሎች ትእዛዛት ነበሩ።

እንግዲህ ዘወትር የሚጠቀሰውን የሚልክያስን ቃል በዚህ መሠረት ላይ ማየት ይቻላል። «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» የሚለው ጎተራ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ያለ የእህል ዕቃ ቤት ነበር፤ ቃሉም የታሰበው እዚያ ለሚገባው መብል ነው። ያ ጎተራ ምን እንዳጋጠመው ነህምያ ምዕራፍ 13 ይተርካል። ነህምያ ወደ ፋርስ ንጉሥ ሄዶ ሲመለስ፣ ካህኑ ኤልያሴብ አሥራቱ ይቀመጥበት የነበረውን ትልቅ ክፍል ለወዳጁ ለጦብያ መኖሪያ ሰጥቶት አገኘ። ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው ተበትነዋል። ነህምያ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፣ ክፍሉን አነጻ፣ ሌዋውያኑን መለሰ፤ ሕዝቡም እህሉን አመጣ። ቀጥሎም ነህምያ የታመኑ የተባሉ ሰዎችን መርጦ በጎተራው ላይ ሾመ፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማከፋፈል ነበር። በሚልክያስም የተቆጡ ቃላት የወረዱት በሕዝቡ ላይ ብቻ አይደሉም፤ ምዕራፍ 2 በካህናቱ ላይ ይጀምራል፣ ስለ አሥራት ከመናገሩ ጥቂት ቁጥሮች በፊትም የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን፣ መበለቲቱንና ወላጅ አልባውን የሚያስጨንቁትን ይከስሳል። ሰጪው የሚጠየቀውን ያህል ተቀባዩና ጠባቂውም እንደሚጠየቁ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ክፍሉ ሲሰበክ ይህ ጎን መዘለሉ ያሳዝነኛል።

ክርስቲያን አሥራት የማውጣት ግዴታ አለበት?

አዲስ ኪዳን አሥራትን የሚያነሣው በጥቂት ቦታ ነው። ኢየሱስ ጻፎችና ፈሪሳውያን ከአዝሙድ፣ ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን መተዋቸውን ሲወቅስ፣ ይህንም ሳትተዉ ያንን ማድረግ ይገባችሁ ነበር ብሏቸዋል። በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው ከማገኘው ሁሉ አሥራት አወጣለሁ እያለ ይመጻደቃል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 7 ደግሞ ክህነትን ለማስረዳት የአብርሃምንና የመልከ ጼዴቅን ታሪክ ይመለከታል። ሐዋርያት ለአሕዛብ ክርስቲያኖች አሥራት አውጡ ብለው ያዘዙበት ቃል አይገኝም፤ አታውጡ ብለው የከለከሉበትም የለም። ክርክሩ ሁለት ሺህ ዓመት የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናትም የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሮም ይኖር የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የዘመኑን የእሑድ ጉባኤ ሲገልጽ፣ የቻሉና የፈቀዱ ሰዎች እንደየሐሳባቸው እንደሚሰጡ፣ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ ዘንድ ተቀምጦ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕመምተኞች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ጽፏል፤ መጠን አልጠቀሰም። በምዕራብ አውሮፓ አሥራት ቀስ በቀስ ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ585 በዛሬዋ ፈረንሳይ የተሰበሰበው የማኮን ሲኖዶስ አላወጣም ያለውን ከአንድነት እንደሚለይ ወሰነ፤ በ779 የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ የመንግሥት ሕግ አደረገው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የገበሬው ሸክም ሆኖ ቆይቶ በፈረንሳይ በ1789ኙ አብዮት ተሻረ። በጀርመን ዛሬም የካቶሊክና የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባላት ከሚከፍሉት የገቢ ግብር ላይ እንደየክፍለ ሀገሩ ከመቶ 8 ወይም 9 የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላሉ፤ ይህ ከአሥራት ጋር አንድ አይደለም፤ የሚሰላው በግብሩ ላይ እንጂ በገቢው ላይ አይደለምና።

በእኛ አገር አሥራት የሚለው ስም ሌላም ታሪክ አለው። ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን አሥራት በገበሬው ላይ ጣሉ፤ ይህ የመንግሥት ግብር ነበር። በኢትዮጵያ አቈጣጠር እስከ 1960 ዓ.ም. ቆይቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን በዋናነት ትተዳደር የነበረው በመሬቷ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ መሠረት ጠፋ፤ አጥቢያዎችም በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ተደገፉ። ለዚህ የሚሆነው መዋቅር አስቀድሞ ተዘርግቶ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ የአስተዳደር ደንብ ካህናትና ምእመናን አብረው የሚቀመጡበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ ነበርና።

ዛሬ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አሥራት በኩራት ማውጣትን ለምእመናን ታስተምራለች፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን በሚያስፈልጋት ሁሉ እንዲረዱ ግዴታ ይጥላል፤ መጠኑን ግን አይወስንም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው አሥራትን ያስተምራሉ፤ በመካከላቸው ግን እንደ ሕግ የሚያዩትም፣ እንደ መነሻ ልምምድ የሚያዩትም አሉ። አንድ ሰው አባል በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ያለውን ትምህርት ከመምህራኑ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፦ አንድ አሥረኛ የሰጠ ሰው ስለ ቀሪው ዘጠኝ እጅ አይጠየቅም የሚል ትምህርት በየትኛውም ወገን የለም።

ግብር ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ? ለወላጅ የሚላከውስ?

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ ምንም አይልም፤ በሙሴ ሕግ ዘመን የደመወዝ ግብር አልነበረም። መምህራን እንደየአመለካከታቸው ይመክራሉ፤ ማንም ግን ቁጥር ጠቅሶ ሌላውን ሊኮንን አይችልም።

ስለ ወላጅ ግን ግልጽ ቃል አለ። በማርቆስ ምዕራፍ 7 ኢየሱስ ሰዎች ለአባታቸውና ለእናታቸው ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ቁርባን፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ፣ ብለው ሲያበቁ ወላጆቻቸውን ከመርዳት ነጻ የሆኑ መስሏቸው እንደነበር ጠቅሶ፣ በዚህ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ ብሏቸዋል። ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው፣ ከማያምንም ሰው የከፋ ነው ይላል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት እየሠራች ለእናቷ መድኃኒት የምትልክ እኅት የአሥራቱ ነገር ሲያስጨንቃት፣ ይህ የማርቆስ ክፍል አብሮ ሊነገራት ይገባል። የሚላከው ገንዘብ በአሥራት ስም ይመዝገብ አይመዝገብ መምህራን ሊለያዩ ይችላሉ፤ ግዴታ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ሰው ተበድሮ እንዲሰጥም አይጠበቅም፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ሲሰጥ እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ሲል፣ ሌሎች እንዲያርፉ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም ብሎ ጨምሮበታል።

ከሰጠሁ በምላሹ እከብራለሁ?

ስጦታን የሀብት ዘር አድርጎ የሚያቀርበው ትምህርት በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። ኦራል ሮበርትስ የተባለው ታዋቂ ሰባኪ የእምነት ዘር የሚለውን ሐሳብ በራዲዮና በቴሌቪዥን አሠራጨ፤ በኋላ ትምህርቱ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ በብዙ ከተሞች ሥር ሰደደ። የሚጠቀሱት ጥቅሶች በእርግጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉ ናቸው፦ ሚልክያስ ስለሚከፈተው የሰማይ መስኮት፣ ሉቃስ 6 ስጡ ይሰጣችሁማል የሚለው፣ ጳውሎስ በበረከት የሚዘራ በበረከት ያጭዳል የሚለው። ተስፋውን የሚሰሙትም ብዙ ጊዜ ሥራ ያጡ፣ የታመሙ፣ ዕዳ ያጎበጣቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱን በየዋህነታቸው መውቀስ አይገባም።

ችግሩ ያለው ከጥቅሱ ዙሪያ በሚቀረው ነገር ላይ ነው። የሉቃስ ቃል የሚመጣው ጠላቶቻችሁን ውደዱ፣ ምንም ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ ከሚለው ትምህርት ጋር ነው። ጳውሎስ ስለ መዝራትና ማጨድ የጻፈውም በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ክርስቲያኖች ርዳታ ሲያሰባስብ ነው፤ ገንዘቡ ለራሱ አልነበረም፤ ምሳሌ አድርጎ ያቀረባቸው የመቄዶንያ ሰዎችም በጥልቅ ድኽነት ውስጥ ሆነው ሰጡ እንጂ ሰጥተው በለጸጉ አላለም። ልዩነቱን በእቁብና በእድር ማስረዳት ይቻላል። እቁብ የሚጥል ሰው የራሱ ዕጣ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ እድር የሚከፍል ሰው ግን ያዋጣው ሐዘን ለደረሰበት ጎረቤት እንዲደርስ ነው፤ የእርሱም ቀን ሲመጣ ጎረቤቶቹ አይቀሩበትም። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ የአሁኑ ትርፋችሁ ጉድለታቸውን ይሙላ፣ ትርፋቸውም በጊዜው ጉድለታችሁን ይሙላ ሲል የገለጸው ይህን የእድሩን መንገድ ነው። መጠኑንም ለሰጪው ትቶታል፤ «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም»።

በዚህ ትምህርት ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ያነሡት ራሳቸው ወንጌላውያን መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኬፕ ታውን የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የወንጌላውያን የሎዛን ጉባኤ ባወጣው ሰነድ፣ በስጦታና በጸሎት ሀብትና ጤና ይገኛል የሚለውን ስብከት ከወንጌል ጋር የማይስማማ ብሎታል። በአሜሪካም ሴናተር ቸክ ግራስሊ በ2007 የስድስት ታላላቅ የቴሌቪዥን አገልግሎቶችን የገንዘብ አያያዝ መመርመር ጀምረው ነበር፤ ምርመራው በ2011 ያለ ቅጣት ተዘጋ።

ስጦታ በስውር ከሆነ ሒሳቡንስ ማን ያየዋል?

በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ኢየሱስ ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሏል። ይህን ቃል አንዳንዶች የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ መቆጣጠር እምነት ማጉደል ነው ለማለት ይጠቀሙበታል። ቃሉ ግን የተነገረው ሰው እንዲያየው ለሚመጸውተው ሰው ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ለያዘው ጠባቂ የተነገረ አይደለም። ስውር እንዲሆን የተፈለገው የሰጪው ማንነት ነው። ጠባቂው ግን ሒሳቡን በግልጽ ያሳያል። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲጓዙ አድርጎ፣ ምክንያቱን ሲገልጽ ስለዚህ ስለ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለን ብሏል። ሐዋርያው ራሱን ከቁጥጥር በላይ ካላደረገ ከእርሱ በኋላ ማን ሊያደርግ እንደሚችል አይገባኝም።

ስለዚህ አንድ ምእመን ደረሰኝ ቢጠይቅ፣ የሰበካ ጉባኤውን ወይም የሽማግሌዎች ጉባኤውን ዓመታዊ ሪፖርት ላንብብ ቢል፣ ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር መመርመሩን ቢያጣራ፣ ገንዘቡ የሚገባው በግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ነው ወይስ በተቋሙ ስም ብሎ ቢመለከት ጥርጣሬ አይባልም። በውጭ አገር ላሉ ደግሞ ሕጉም ያግዛል። በአሜሪካ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ ከታክስ እንዲቀነስ ከተቀባዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሌሎች የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያቀርቡትን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ለመንግሥት የማቅረብ ግዴታ ስለሌለባቸው ጠያቂው አባሉ ራሱ ነው። በብሪታንያ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ለተመዘገበ ድርጅት ሲሰጥ፣ ቅጽ ከሞላ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ለድርጅቱ ይጨምርለታል፤ ይህ መብት ሳይጠየቅ የሚቀር ብዙ ገንዘብ አለ።

ለየኔ ቢጤው በእጁ ልስጥ ወይስ በተቋም በኩል?

አንዳንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ስለ ማርያም» የሚለውን ለማኝ ሲያይ፣ ይሠራ ዘንድ የሚችል ይሆን፣ ገንዘቡንስ ምን ያደርግበት ይሆን እያለ ያመነታል። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር በሰበከው ስብከት ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አለው፦ ድሃ የሚያቀርበው ምስክር ድኽነቱ ብቻ ነው፤ ከዚህ ሌላ አትጠይቀው፤ ሕይወቱን መርምረህ ልትፈርድበት አልተሾምህም። ሌላው ወገን ደግሞ ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን የጳውሎስ ቃል ያነሣል። ያ ቃል የተጻፈው ግን በተሰሎንቄ ጉባኤ ውስጥ ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ለሚገቡ ምእመናን ነው፤ በደጅ ለወደቀ ሰው አልተጻፈም።

የተደራጀ ርዳታም የኋላ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ሲነሣ፣ ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው። የመጀመሪያው ጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ዕድሜያቸው ከ60 ያላነሰና የሚረዳ ቤተ ሰብ የሌላቸው መበለቶች የሚመዘገቡበትን መዝገብ ይጠቅሳል፤ ዘመድ ያላቸውን ዘመዶቻቸው ይርዷቸው ይላል። ከክርስትና ወጥቶ ወደ ጣዖት አምልኮ የተመለሰው የሮም ንጉሥ ዩልያኖስም በስሙ በተላለፈልን ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖቹ የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ብሎ የራሱን ካህናት ይወቅሳል።

በተቋም በኩል የሚሰጥ ስጦታ የራሱ ፈተና አለው፤ ሰጪው ሩቅ ሲሆን የተቀባዩን ችግር በራሱ ዓይን ይመዝናል። ይህን በግልጽ ከተናገሩት አንዷ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለልማት ሥራ እየሰጡ ለወንጌል አገልግሎት መንፈጋቸውን አንሥታ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ አድርገው መክፈላቸውን ተቃወመች። የሚያስፈልገንን የምናውቀው እኛው ነን፣ አብረን እንወስን የሚል ጥያቄ ነበር፤ በዓለም አቀፉ የርዳታ ሥራ ላይም ሰፊ ውይይት አስነሣ።

ዮሐንስ አፈወርቅ ለማኝን አትመርምር ያለውን ያህል፣ የሚያገለግልባት የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን የምትረዳቸውን ሰዎች መዝገብ ትይዝ ነበር። ገቢዋ ከመካከለኛ ባለጠጋ ገቢ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በመዝገቧ ያሉ መበለቶችና ደናግል 3000 እንደሚደርሱ፣ ከእነርሱም ሌላ እስረኞችን፣ በእንግዳ ማረፊያ የተኙ ሕመምተኞችን፣ መጻተኞችንና በየዕለቱ ምግብና ልብስ ፍለጋ የሚመጡትን እንደምትረዳ ለምእመናኑ ነግሯቸዋል። የነገራቸውም የከተማዋ ባለጠጎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ በአንጾኪያ አንድም ድሃ እንደማይቀር ሊያሳያቸው ብሎ ነው።